ዓባይ በረሃን የማይሻገሩት

(ለተማሪዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ነገር ጨምሬበታለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የሄዳችሁ እስቲ እጃችሁን አንሱ። ብዙ ናችሁ። እንግዲያው መንገዱን ታውቁታላችሁ። ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ይበርዳል። ጋቢ ያለው ይደርባል። ከዚያ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል። መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራቡ። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ላብ በላብ ናችሁ። «መስኮት ክፈቱ»፣ «አትክፈቱ» የሚለው ጭቅጭቅም ይነሳል። ከዚያ ሽቅብ ነው። ደጀን ላይ ያው ብርድ መልሶ ይቀበላችኋል።

መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታችሁ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ትወርዱና እንደገና ትወጣላችሁ። እኛ ይህን በሁለት ሰዓት እንጨርሰዋለን። በደጋ ሣር ውስጥ የምትኖር ትንሽ እንቁራሪት ግን አትጨርሰውም። ልጆቿም፣ የልጅ ልጆቿም አይጨርሱትም። ታች ያለው ሙቀትና ድርቀት ይገድላቸዋል። ስለዚህ ጎጃም ያለችው ጎጃም፣ ሸዋ ያለችው ሸዋ ትቀራለች። ይህ ለብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ሲቀጥል ሁለቱ አንድ ዘር መሆናቸው ያበቃል። የአገራችን የደጋ እንቁራሪቶች የዘር ትንታኔ ሲሠራላቸው የዓባይ ሸለቆና ስምጥ ሸለቆው እንደ ድንበር ሆነው የወጡት ለዚህ ነው።

ደሴት ስትሉ ሐይቅ ወይም ባሕር ይታያችሁ ይሆናል። እኔ ሰሜን ተራሮች ይታዩኛል። ጮቄ፣ አቡነ ዮሴፍ፣ ጓሳ፣ አርሲ፣ ባሌ ይታዩኛል። አንድ ፍጥረት ሊኖርበት በማይችል ነገር የተከበበ ቦታ ሁሉ ለዚያ ፍጥረት ደሴት ነው። ለውርጭ እንስሳ ቆላው ባሕር ነው።

ቋንቋችን ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እንላለን። ገበሬው ጤፍ የሚያበቃበትን፣ ገብስ የሚጀምርበትን ከፍታ በእግሩ ያውቀዋል። 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣችሁ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። እንስሳውም ዕፅዋቱም በዚያ መሰላል ላይ የየራሱን ደረጃ ይዞ ይኖራል።

ከአፍሪካ አህጉር ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው መሬት ወደ 80 በመቶው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። እስቲ ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። ሙቅ በሆነ አህጉር መሐል ቀዝቃዛ አገር ተንሳፍፎ ማለት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከመሬት ሆድ የፈሰሰ ላቫ እየተደራረበ መሬቱን አወፈረው። መሬቱም ከሥር ተገፍቶ ተነሳ። ኋላ ደግሞ መሐሉ ተሰነጠቀ። ያ ስንጥቅ ስምጥ ሸለቆው ነው። ዝዋይንና ሻላን ይዞ ደጋውን ለሁለት ከፈለው። ወንዞቹ፣ ዓባይና ተከዜ፣ ሰሜኑን ክፍል እንደገና ቆራረጡት።

ይህን ነገር ዓለም እንዲያስተውለው ካደረጉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነው። በ1856 ዛሬ ኢንዶኔዥያ በሚባለው አገር ከባሊ ደሴት ወደ ሎምቦክ ደሴት ተሻገረ። መሐላቸው 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ብቻ ነው። ባሊ ላይ ያያቸው ወፎች የእስያ ወፎች ነበሩ። ሎምቦክ ላይ የአውስትራሊያ ወገን የሆነውን ኮካቱ የተባለ በቀቀን አገኘ። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ ባሕሩ ግን ጥልቅ ነው። በበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር ከ100 ሜትር በላይ ሲወርድ ብዙ ደሴቶች በየብስ ተያያዙ። ይህ ባሕር ግን አልደረቀም። ለእንስሳ ወሳኙ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሳይሆን መሐል ላይ ያለው ነገር ነው። ዓባይ በረሃም እንዲያው ነው።

አሁን ወደ ቀይ ቀበሮ ልምጣ። ስለሱ ብዙ ባወራ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በጣም እወደዋለሁ።

ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የቅርብ ዘመዶቹ የአውሮፓና የእስያ ተኩላዎች ናቸው። ቅድመ አያቶቹ ከ100 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ከሰሜን እንደመጡ ይታሰባል። ያኔ አገሩ ቀዝቃዛ ነበር። የውርጭ ሣሩ ዛሬ ካለበት ብዙ ዝቅ ብሎ ይወርድ ስለነበር ተራራና ተራራ በሣር ይገናኛል። በዚያ ላይ ተራመዱ። ኋላ የበረዶው ዘመን አለፈ። ሙቀቱ ከታች ሽቅብ መጣ። ሣሩ ወደ ጫፍ ሸሸ፤ ቀበሮውም ሣሩን ተከትሎ ወጣ። ሲወጣ ሲወጣ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ በላይ መሬት የለም።

ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የቀሩት አርሲ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ወሎና መንዝ በየጫፉ ተበትነዋል። ከስምጥ ሸለቆው ወዲህና ወዲያ ማዶ ያሉት ሁለት ንዑስ ዝርያ ተብለው ይለያሉ። በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይባላል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ የወጣ ስም ነው ይባላል።

ባሌ ላይ ለምን በዛ? ሳኔቲ የሚባለው አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። መሬቱ በአይጥና በፍልፈል የተሞላ ነው። ከሁሉ ትልቁ ግዙፉ ፍልፈል ነው። ዓይኑ አናቱ ላይ ነው፤ ከጉድጓዱ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ ዙሪያውን ይቃኛል። ይህ ፍልፈል የሚኖረው ባሌ ብቻ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ የለም፣ አርሲ የለም፣ ኬንያ የለም። ደሴት ላይ ያለ ደሴት በሉት።

ስለዚህ ፍልፈል አንድ በጣም የገረመኝ ነገር አለ። በ2019 የወጣ ጥናት ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሐበራ በተባለ የድንጋይ ጥላ ሥር ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ይኖሩ እንደነበር አሳየ። ቦታው 3,469 ሜትር ላይ ነው። ከላያቸው የበረዶ ግግር ነበር። ምን ይበሉ ነበር? የተጠበሰ ፍልፈል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዘመን፣ ለቀበሮውም ለሰውም ቀለብ የሆነው ያው አንድ ፍልፈል ነው።

ስለ ዋልያ ብዙ አልልም፤ በየማልያው ላይ ታዩታላችሁ። ከፍየል ወገን ነው። ዘመዶቹ ከቀይ ባሕር ዳር ጀምሮ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ይገኛሉ። እሱ ብቻ ሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ቀረ። ከዚያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም።

ማዶው ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘን አለ። የድሮዋ 10 ሳንቲም ላይ ያለው ቀንዳም ራስ የሱ ነው። ከስምጥ ሸለቆው በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ባሌና አርሲ አካባቢ ብቻ ይገኛል። ሰሜን ተራሮች ላይ ለሱ የሚሆን ብርድ አለ፤ ሣርም አለ። እሱ ግን እዚያ አልደረሰም። ዋልያም ባሌ አልደረሰም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ወደ ሰሜኑ ክፍል መጥቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም አስመዘገበ። የደጋ አጋዘን የተመዘገበው በ1910 ነው። ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መጨረሻ የታወቀው እሱ ነው።

ጭላዳ ሌላ ታሪክ ነው። ቀይ ቀበሮ ከውጭ መጥቶ እዚህ የቀረ ነው። ጭላዳ ግን በየአገሩ ኖሮ እዚህ ብቻ የተረፈ ነው። የጭላዳ ወገኖች ቅሪተ አካል ኬንያ ተገኝቷል፣ ደቡብ አፍሪካ ተገኝቷል፣ ስፔን ድረስ ተገኝቷል። ትልቅ ቤተሰብ ነበር። ሁሉም አለቁ። ሣር እየጋጠ ቀን የሚውል፣ ማታ ገደል ላይ የሚያድር አንድ ብቻ ቀረ። እሱም የኛ ደጋ ላይ። ሰሜን ተራሮች ላይ ሄዳችሁ መሐላቸው ብትቀመጡ ቀና ብለው እንኳ አያዩአችሁም፤ ሣራቸውን ይነጫሉ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ከስምጥ ሸለቆው ማዶም፣ አርሲ ውስጥ በዋቢ ሸበሌ የላይኛው ገደል፣ ለብቻው የተነጠለ የጭላዳ መንጋ አለ።

ማን ይሻገራል ማን ይቀራል የሚለው እንደ ፍጥረቱ ይለያያል። ጅብራን ውሰዱ። ከ3,000 ሜትር በላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ታዩታላችሁ። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። ዘመዶቹ ኬንያ ተራራ፣ ኪሊማንጃሮ፣ ሩዌንዞሪ ላይ አሉ። ፍሬው እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። እነዚያው ተራሮች ላይ ከጅብራ ዘመዶች ጎን ሌላ ግዙፍ ተክል አለ፤ ሴኔሲዮ ይሉታል። እሱ ኢትዮጵያ አልደረሰም። ብርዱ ይስማማው ነበር። ግን መሐል ያለውን ሙቅ ሜዳ አላለፈም።

«ክንፍ ያለውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ቦረና ልውሰዳችሁ።

ያቤሎ አካባቢ አንዲት ቁራ መሰል ወፍ አለች። ገላዋ ግራጫ ነው። ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ። ለሳይንሱ ዓለም የታወቀችው በ1938 ነው። የምትኖረው በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ባለ ጥቂት ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዙሪያዋ ተራራ የለም፣ ባሕር የለም። ከክልሏ ውጪም ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር፣ ያው የከብት በረት አለ። ትበራለች ደግሞ። ታዲያ ምን ያዛት?

ተመራማሪዎች ለረዥም ጊዜ ግራ ገብቷቸው ነበር። አፈሩን አዩ፣ ዛፉን አዩ። መልሱ የተገኘው ቴርሞሜትር ላይ ነው። የምትኖርበት መሬት ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ያለና ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዳሩ ላይ ሙቀቱ ጨመር ይላል። ሙቀቱ ሲጨምር ይህች ወፍ አጠገቧ ካሉ ሌሎች ወፎች ቀድማ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። የሚያለከልክ ወፍ ምግቡን በደንብ አይለቅምም። እኛ ያንን ልዩነት በቆዳችን ብዙም አንለየውም። እሷ ግን በማይታይ ቅጥር ውስጥ ናት። የአየሩ ሙቀት ከጨመረ ቅጥሩ ወደ ውስጥ ይጠባል። ከዚያ ከፍ ያለ ሌላ መሬት አጠገቧ የለም።

ከወፍ ወደ ዓሣ እንሻገር። ባሕር ዳር የሄዳችሁ ዓሣ ጎረሳችሁ፣ ታንኳም አያችሁ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ውኃ ይወርዳል፤ ዓሣ ግን ያንን ገደል ሽቅብ አይወጣም። ከታች ያለው ዓሣ ወደ ጣና መግባት አይችልም።

ውስጥ የቀረው ዓሣ ምን ሆነ? ላቤዮባርበስ የሚባለው ዓሣ ከወንዝ የመጣ ነው። ሐይቁ ውስጥ ተፎካካሪ አልገጠመውም። አንዱ ወገን ጥልቁን ያዘ፣ አንዱ ዳሩን፣ አንዱ ድንጋያማውን። አንዱ ቀንድ አውጣ ይበላል፣ ሌላው ሣር፣ ሌላው ነፍሳት። ዛሬ 15 ገደማ ዝርያዎች ሆነዋል፤ ሌላ ቦታ አይገኙም። ከነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። ይህ ነገር ዓሣ አጥኚዎችን ያስደነቀ ነው። ምክንያቱም የዚህ ዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። በዚያ አፍ ዓሣ ማደን አይሆንም ይባል ነበር። ጣና ላይ ሆነ።

ከዚህ የበለጠ የሚገርመው ጊዜው ነው። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ደለል ጣና ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ያሳያል። ሐይቁ እንደገና የሞላው ከዚያ በኋላ ነው። እነዚህ ዝርያዎች እዚያው ሐይቁ ውስጥ የተለያዩ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ በዚያ አጭር ጊዜ የሆነ ነው። ለዝግመተ ለውጥ ታሪክ ያ የዓይን ጥቅሻ ነው።

ግን በራቸው አንድ ነው። ከነዚህ ዓሣዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው ከነእንቁላላቸው ይይዛቸዋል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመረብ ማጥመድ ሲስፋፋ ቁጥራቸው በጣም ወረደ። ዓሣ አጥማጁን አልወቅስም፤ ልጆቹን ያበላበታል። የመራቢያውን ወር ግን ወንዙን ልንተውላቸው እንችላለን።

የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። መነጠል እነዚህን ፍጥረታት ፈጠረ። ያው መነጠል ደግሞ መውጫ አሳጣቸው። ጎጃም፣ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበረ። ዛሬ የለም። ጮቄን ዓባይ ዙሪያውን እንደ መቀነት ታጥቆታል። ከወሎ ወይም ከመንዝ አንድ ጥንድ ቀበሮ ተነስቶ፣ ያንን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ጮቄን መልሶ ሊይዝ አይችልም። ደሴት ላይ የጠፋ በራሱ አይመለስም።

በዚያ ላይ «ባሕሩ» እየጨመረ ነው። የገብስ ማሳ በየዓመቱ ሽቅብ ይወጣል። ከብት ይወጣል። ከከብቱ ጋር ውሻ ይወጣል። ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይወጣል። በ2003 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው ገብቶ ቀበሮውን ፈጀው፤ በአካባቢው ከነበሩት አብዛኞቹ ሞቱ። ያኔ የተሠራው ሥራ ብልሃት ነበረበት። የባሌ የቀበሮ ሠፈሮች በጠባብ መተላለፊያ ነው የሚገናኙት። ባለሙያዎቹ እዚያ አንገት ላይ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ። በሽታው ወደ ሌላው ሠፈር ሳይዘልቅ ቆመ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይሰጣቸዋል።

መንዝ ጓሳ የሆነው ደስ ይለኛል። እዚያ ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን በራሱ ሥርዓት ይጠብቅ ነበር። ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳን ያጭዳል፤ ከብት የሚገባውም በፈቀደለት ጊዜ ነው። ሣሩ ስለተረፈ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ስለተረፈ ቀበሮው ተረፈ። እዚያው ጓሳ ላይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ገብቶ ሲያድን ታይቷል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ከመሐላቸው ሆኖ አይጥ ሲሞክር 67 በመቶ ያህል ይሳካለታል። ለብቻው ሲሆን 25 በመቶ ብቻ።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዋልያን ለምን ባሌ ወስደን አናረባውም?» ከልቧ ነው የጠየቀችው። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ አስቤ አውቃለሁ። ባሌ ባዶ ቤት አይደለም አልኳት። የራሱ ሣር በል፣ የራሱ በሽታ፣ የራሱ ፍልፈል አለው። እንግዳ ስታመጪ ማን እንደሚጎዳ ቀድመሽ አታውቂም። በሌላ አገር ደሴቶች ላይ ሰው ያመጣው ድመትና አይጥ ስንቱን ወፍ ጨርሷል። ቀይ ቀበሮን ወደ ጮቄ መመለስ ግን ሌላ ነው። እሱ የራሱ ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ሣሩ መመለስ አለበት፤ ውሾቹም መከተብ አለባቸው።

እሷም ቀጠለች፦ «አንድ ቀበሮ ቢሞትስ ምን ያመጣል?»

ተረፈ ስለተባለ አንድ ቀበሮ ነገርኳት። በ2020 ሰሜን ተራሮች ላይ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ እግሩ በጥይት ተሰብሮ ተገኘ። እዚያ ተራራ ላይ ያሉት ቀበሮዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያልተደረገ ነገር ተደረገ። እዚያው ተራራው ላይ መጠለያ ተሠራለት፤ ሐኪም አከመው፤ 51 ቀን ተቀለበ። ስሙም ተረፈ ተባለ። አጥንቱ ሲገጥም አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ታስሮለት ተለቀቀ። ኋላም ጥንድ አገኘ፤ ቡችሎችም ተወለዱለት።